«መረጃ ሰጪ 4» ስም አላት፦ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የቋንቋና የፎክሎር ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የቋንቋ፣ የሥነ ጽሑፍና የፎክሎር ትምህርት ክፍሎች
ግልባጭ፦ ተረት፣ ግጥምና ታሪክ ከአዛውንት ሰብስባችሁ ለምታሳትሙ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የስፔን መነኩሴ ነው። ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። «ይሄ ደግሞ እኛን ምን አገባን?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ግን ትንሽ ታገሱኝ። ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ እናንተ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ከተደረደሩት የመመረቂያ ጽሑፎች ይደርሳል።

ሰውየው በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን ይባላል። በ1499 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስፔን ውስጥ ሳሃጉን በምትባል ከተማ ተወለደ። ሳላማንካ ተማረ፣ ከዚያ የፍራንሲስካን መነኩሴ ሆነ። በ1529 መርከብ ተሳፍሮ ዛሬ ሜክሲኮ ወደምንለው አገር ሄደ። የአዝቴኮች ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን በስፔኖች እጅ ከወደቀች ያኔ ገና 8 ዓመቷ ነው። ሰውየው በዚያው ቀረ። በ1590 እዚያው እስኪሞት ድረስ ናዋትል የሚባለውን የአገሬውን ቋንቋ ሲማር፣ ሲሰብክበትና ሲጽፍበት ኖረ።

ጻድቅ ላደርገው አይደለም። የሄደው የሕዝቡን አማልክት ሊያጠፋ ነው፤ ይህንንም አልደበቀም። ሐኪም የበሽታውን መንስኤ ሳያውቅ መድኃኒት ማዘዝ አይችልም፣ ሰባኪም የቀድሞውን እምነት ካላወቀ ጣዖት ዓይኑ ሥር ሲመለክ እያየ አይገባውም፤ መጽሐፉን የጀመረው በዚህ ሐሳብ ነው። በኢንኩዊዚሽን ችሎት፣ ማለትም ወደ ድሮ አምልኳቸው ተመለሱ የተባሉ ሰዎች በተከሰሱበት ችሎት፣ በአስተርጓሚነት ሠርቷል። በሩን የከፈተለት ወታደር ነው። የሚጠይቃቸው ሽማግሌዎችም ቢሆኑ የተሸነፈ ሕዝብ ሽማግሌዎች ነበሩ። «አልነግርህም» ማለት ምን ያህል ይችሉ እንደነበር እናንተው ገምቱት።

ግን አሠራሩን እንይ።

በ1550ዎቹ መጨረሻ አለቃው ለስብከቱ ሥራ የሚጠቅመውን ሁሉ በናዋትል እንዲጽፍ አዘዙት። መጀመሪያ የጥያቄዎች ዝርዝር አዘጋጀ። ከዚያ ቴፔፑልኮ ወደምትባል ከተማ ሄዶ የአካባቢውን ገዢ ዶን ዲዬጎ ደ ሜንዶሳን «የድሮውን ነገር የሚያውቁ ሰዎች ስጡኝ» አለ። እሳቸውም ከተማከሩ በኋላ አሥር አሥራ ሁለት ሽማግሌዎችን መደቡለት። ሁለት ዓመት ያህል አብረው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ለጠየቃቸው ሁሉ በሥዕል መለሱ፤ የጥንት አጻጻፋቸው እሱ ነበርና። እሱ ላቲን ያስተማራቸው የአገሬው ወጣቶች ደግሞ ከሥዕሉ ሥር ትርጓሜውን በናዋትል ጻፉ።

በዚህ አላበቃም። የተሰበሰበውን ይዞ ትላቴሎልኮ ወደምትባለው ቦታ መጣ። እዚያ ሌላ ስምንት አሥር ሽማግሌ ተመረጠለት። የአገሬው ወጣቶች ላቲን ከሚማሩበት ከዚያው ኮሌጅ ከወጡ አራት አምስት ምሩቃን ጋር ኮሌጁ ውስጥ ገብተው ከአንድ ዓመት በላይ የቴፔፑልኮውን ጽሑፍ አረሙ፣ ጨመሩበት፣ እንደገና ጻፉት። ከዚያ ሦስተኛ ዙር ሜክሲኮ ከተማ ላይ። እሱ ራሱ ሥራዬ በሦስት ወንፊት አለፈ ይላል። ዛሬ ለማስተርስ ተማሪ «ያገኘኸውን ከሌላ ቦታ ሰዎች ጋር አመሳክር» የምንለው ነገር ይኸው ነው። ልዩነቱ ተማሪያችን ሁለት ሳምንት መስክ ወጥቶ ይመለሳል። እሱ ዕድሜውን ፈጀበት።

ከዚህ ሁሉ የወጣው 12 መጽሐፍ ነው። አማልክቱ፣ በዓላቱ፣ ትንቢቱና ገዱ፣ ለልጅ የሚሰጠው ምክር፣ ነገሥታቱ፣ ነጋዴዎቹ፣ የላባ ጥበበኞቹ፣ በሽታና መድኃኒቱ፣ እንስሳውና ተክሉ ሁሉ አለበት። 12ኛው የስፔኖችን ወረራ የሚተርክ ነው፤ የተተረከውም በተሸናፊዎቹ አንደበት።

እኔ ከሁሉም የምወደው 10ኛው ላይ ያለውን ገበያ ነው። ሻጮቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ጥሩው እንዲህ ነው፣ መጥፎው እንዲያ ነው እየተባለ። ጥሩ የካካዎ ነጋዴ ፍሬውን ለቅሞ፣ ለይቶ ይሸጣል። አጭበርባሪው ደግሞ የካካዎውን ልጣጭ በሊጥ፣ በሰምና በአቮካዶ ፍሬ ስባሪ ሞልቶ ይደፍነዋል። ካካዎ ያኔ የሚጠጣ ብቻ ሳይሆን እንደ ሳንቲም የሚቆጠርም ነበር። ስለዚህ ሰውየው በአንድ እጁ ሸማች እያታለለ በሌላው ሐሰተኛ ገንዘብ ያትም ነበር ማለት ነው። በርበሬ ከጡብ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ ተቀላቅሎ የተሸጠለት የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲያነብ «ወይ ጉድ» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ዝርዝር መነኩሴ ከራሱ አያመጣውም። የነገረው ገበያ ወጥቶ የተታለለ ሰው ነው። ምናልባትም ያታለለ።

የመጨረሻው ቅጂ ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ፍሎረንስ ከተማ፣ ላውሬንሲያና በሚባለው ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የፍሎረንስ ኮዴክስ (ኮዴክስ በእጅ የተጻፈ ጥንታዊ መጽሐፍ ነው) የሚባለውም ለዚህ ነው። ገጹ ለሁለት ይከፈላል። በስተቀኝ ናዋትሉ፣ በስተግራ የስፔንኛው ትርጉም። 2,500 ገደማ ሥዕል አለበት። ስፔንኛው ብዙ ቦታ ከናዋትሉ ያጥራል። አንዳንዴ ትርጉሙ ሦስት መስመር ብቻ ይሆንና የተረፈውን ቦታ ሥዕል ይይዘዋል። ትርጉሙ አጠረ ተብሎ ግን የባለቤቶቹ ቃል አልተቆረጠም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቅጂው የተሠራው በክፉ ቀን ነው። ትላቴሎልኮ ላይ ከ30 ዓመት በፊት በነበረው ወረርሽኝ ሳሃጉን ራሱ ከ10 ሺህ በላይ አስከሬን መቅበሩን፣ በመጨረሻም ራሱ ታሞ ለሞት መቃረቡን ጽፏል። በ1576 ሌላ ወረርሽኝ መጣ። ጸሐፊዎቹና ሠዓሊዎቹ ያን ጊዜም ሥራቸውን አላቆሙም። 11ኛውን መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው መጀመሪያ ላይ ወፎቹን በቀለም ያያል። ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ቀለሙ ይጠፋል፣ ሥዕሉ ጥቁር መስመር ብቻ ይሆናል። ቀለሙን ማግኘት አልተቻለም። ቀለሙን የሚያመጣውም፣ የሚበጠብጠውም እየሞተ ነበር።

አሁን ወደ ደብዳቤው ዋና ነገር።

አባ በርናርዲኖ በ2ኛው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የሥራ ባልደረቦቹን ስም ጽፏል። ዋናውና ከሁሉ አዋቂው የአስካፖትሳልኮው አንቶኒዮ ቫሌሪያኖ ነው ይላል። ቀጥሎ የኩዋውቲትላኑ አሎንሶ ቬሄራኖ። የትላቴሎልኮው ማርቲን ሃኮቢታ። ሌላው የኩዋውቲትላን ሰው ፔድሮ ደ ሳን ቡዌናቬንቱራ። አራቱም ናዋትል፣ ስፔንኛና ላቲን እኩል የሚያውቁ ነበሩ። ገልባጮቹንም አልረሳም፤ ዲዬጎ ደ ግራዶ፣ ቦኒፋሲዮ ማክሲሚሊያኖ፣ ማቴዎ ሴቬሪኖ። ከነሰፈራቸው። የበሽታና የመድኃኒቱ ክፍል ላይ ደግሞ ምርመራውን ያደረጉትን የትላቴሎልኮ ሐኪሞች በስም ይዘረዝራል። እነዚህ ምሩቃን ሳያዩት በቋንቋቸው የሚጻፍ ነገር ከስህተት አይጸዳም ብሎም መስክሮላቸዋል። በነገራችን ላይ ቫሌሪያኖ በኋላ የሜክሲኮ ከተማ ነባር ሕዝብ አስተዳዳሪ ሆኖ ከ20 ዓመት በላይ አገልግሏል። የማንም ተላላኪ አልነበረም።

ስሞቹ መጻፋቸው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን ዛሬ የሜክሲኮ ምሁራን «የሳሃጉን መጽሐፍ» ብቻ ማለት ትተው የነቫሌሪያኖም መጽሐፍ ነው ብለው መከራከር የቻሉት ሰውየው ራሱ ማስረጃውን ስለተወላቸው ነው። ናዋትል ዛሬም ሜክሲኮ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ተናጋሪ አለው። ኮዴክሱም ከ2023 ወዲህ ከነትርጉሙ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተለቋል። አንድ የኩዋውቲትላን ልጅ ስልኩን ከፍቶ «ይህን የጻፈው የሰፈሬ ሰው ነው» ማለት ይችላል።

እሱም ቢሆን የጎደለው አለ። የጻፉለትን በስም ጠራ፤ የነገሩትን ግን ከሐኪሞቹ በቀር አልጠራም። የትላቴሎልኮ ሽማግሌዎች በመጽሐፉ ውስጥ ቁጥር ናቸው፤ ስምንት ወይም አሥር። ቁጥራቸውን እንኳ አስተካክሎ አልነገረንም። ሠዓሊዎቹም ስም የላቸውም። ሴት የሚባል በስም የለም፤ ስለ ሽመና፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ አዋላጅ ንግግር ያን ሁሉ ገጽ ማን ነገረው? ባብዛኛው ፊደል የቆጠረ ስም አገኘ፣ ያልቆጠረ ቀረ።

እኛ ደግሞ ከዚህ የባስን ነን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ።

በቅርቡ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ ሙሾ ነው። ግጥሞቹ ልብ ይሰብራሉ። አንድ እናት ስለ ሟች በሬ፣ ስለ ሟች ወንድም፣ ስለ ባዶ አውድማ የሚሉት አለ፤ ከዚያ የተሻለ የአማርኛ ግጥም በዚህ ዓመት አላነበብኩም። ማን ናቸው ብዬ አባሪውን ገለጥኩ። ሰንጠረዥ ነው። «መረጃ ሰጪ 4። ጾታ፦ ሴት። ዕድሜ፦ 71። ሥራ፦ የቤት እመቤት። የትምህርት ደረጃ፦ ያልተማረች።»

ያልተማረች! ጽሑፉ በሙሉ የቆመው እሳቸው በሚያውቁት ነገር ላይ ነው። ምስጋናው ገጽ ላይ አማካሪው አሉ፣ የክፍል ኃላፊው አሉ፣ ባለቤቱ አለች፣ ጽሑፉን በኮምፒውተር የለቀመችው ልጅ በስሟ አለች። «መረጃ በመስጠት ለተባበሩኝ ሁሉ» ደግሞ በአንድ መስመር በጅምላ ምስጋና ተሰጥቷቸዋል።

ልጁን አልወቅሰውም። ከፊቱ የተመረቁት የጻፉበትን ቅጽ ነው የሞላው። ቅጹን ያወጣችሁት ግን እናንተ ናችሁ።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። «የምርምር ሥነ ምግባር ነው፤ የመረጃ ሰጪን ማንነት መጠበቅ ግዴታ ነው» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ግን ለሁሉም አይደለም። ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ጥቃት፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ መሬት ክርክር የተናገረ ሰው ስሙ ይደበቅ፤ መደበቅም አለበት። ሙሾ ግን ሚስጥር አይደለም። ድንኳን ውስጥ፣ በመቶ ሰው ፊት የሚባል ነገር ነው። የመንደሩ ሕፃን ሳይቀር አልቃሿን በስሟ ያውቃታል። ስሟ የጠፋው እናንተ ዘንድ ሲደርስ ነው። ደራሲን ስሙን ፍቆ «ደራሲ 4» ማለትን ጥበቃ የሚለው የለም። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ምን ይላሉ? ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስሜን ትጽፊዋለሽ?» ብለው ነው። መስክ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዳ ነገርም እየጠየቅኩ አይደለም። በ1649 ጀርመናዊው ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ የአማራ መነኩሴ ናቸው። ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛን ከእሳቸው ተማረ፤ በኋላም ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ጎታ ከተማ ተጠርተው ሄደው አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ ሲያሳትም ይህን የነገረኝ ጎርጎርዮስ ነው ብሎ በግልጽ ጻፈ። ምስላቸውን ሳይቀር አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥሞ ሞቱ፤ ዛሬ ስማቸውን የምናውቀው ያ ሰው ስለጻፈው ነው። አስቴር ጋኖንም እዩ። በአናሲሞስ ነሲብ ስም የሚታወቀው የ1899 የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያለ እሷ የቋንቋ ችሎታ እንዲያ ሆኖ አይወጣም ነበር። 500 ያህል የኦሮምኛ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን በቃሏ ከምታውቀው የጻፈች ሴት ናት። አናሲሞስን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። አስቴርን የሚያውቅስ?

ሁለተኛው ጉዳይ የቅድሙ ነው፤ የቀኙ ዓምድ። ከአማርኛ ውጭ ባሉ ቋንቋዎች የተሰበሰበ ተረትና ግጥም ስናሳትም ብዙ ጊዜ የአማርኛ ወይም የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ብቻ እናወጣለን። ባለቤቶቹ የተናገሩት ድምፅ የተማሪው ፍላሽ ላይ ይቀራል። ፍላሹ ይጠፋል። ገጽ ለመቆጠብ ነው ይባላል። የ16ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ፣ ወረቀት እንደ ወርቅ በሚወደድበት አገር፣ የቆጠበው ከራሱ ቋንቋ ነው፤ ናዋትሉን አልነካውም። እኛ የምንቆርጠው ከእነሱ ነው።

የጠፋውን የጋፋትን ቋንቋ አስታውሱ። የቋንቋ ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው በ1947 ጎጃም ሲደርስ ያገኘው አራት ተናጋሪ ብቻ ነበር። ዛሬ ማንም የለም። ስለ ጋፋትኛ ሰዋስው የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከእነዚያ ሰዎች አንደበት በዚያው በጋፋትኛ ስለተጻፈ ነው። ትርጉሙ ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ዛሬ በእጃችን ያለው ጥቂት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነበር። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ኦንጎታ የሚባለውን ቋንቋ የሚናገሩት ጥቂት አዛውንት ናቸው። ቀኙን ዓምድ ቆርጠን የምንጥልበት ጊዜ የለንም።

ሳሃጉን በሥራው ብዙ አልተመሰገነበትም። በ1570 አካባቢ አለቆቹ «ለጸሐፊ ገንዘብ ማውጣት ከድህነት መሐላችን ጋር አይሄድም» ብለው በጀቱን ቆረጡ። ከፈለገ በራሱ እጅ ይጻፍ ተባለ። ከ70 ዓመት ያለፈው ሽማግሌ እጁ እየተንቀጠቀጠ መጻፍ አልቻለም፤ ሥራው ዓመታት ቆመ። በ1577 ደግሞ ንጉሡ ዳግማዊ ፊሊጶስ ስለ አገሬው አጉል እምነት የተጻፈውን ጽሑፍ ሁሉ ሰብስባችሁ ላኩልኝ፣ ማንም እንዳይጽፍ የሚል ትእዛዝ አወጣ። መጽሐፉ ባሕር ተሻግሮ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ተረሳ። በጀት የሚቆርጥና ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ የሚያስረሳ ቢሮ አዲስ ነገር አለመሆኑን ለመጠቆም ያህል ነው። ማንንም አላልኩም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በፈቃድ ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ስምዎ በጽሑፉ ላይ እንዲወጣ ይፈልጋሉ?» ማንበብ ለማይችሉት ይነበብላቸው፣ መልሳቸው በድምፅ ይቀዳ። አዎ ያሉት ሰዎች ስም ከነመንደራቸው ከግጥሙና ከተረቱ ሥር ይውጣ፤ አባሪ ውስጥ አይደበቅ። «የትምህርት ደረጃ» የሚለውን ዓምድ ወይ አውጡት፣ ወይ ከጎኑ «የሚታወቁበት ሙያ» የሚል ጨምሩ። አልቃሽ፣ ሽማግሌ፣ አዝማሪ፣ የልምድ አዋላጅ፣ ወጌሻ ተብሎ ይጻፍ። ከሌላ ቋንቋ የተሰበሰበው ሁሉ ኦሪጅናሉ አብሮ ይታተም፤ ገጽ ከጠበበ ትርጉሙ ይጠር። የጽሑፉ አንድ ቅጂ ደግሞ ለባለቤቶቹ ይድረስ። የቀበሌ ጽሕፈት ቤትም ሆነ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሁን፤ ቤተሰቡ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ።

በዚህ ሁሉ አዲስ በጀት የሚጠይቀው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ እሱም የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው። የዘንድሮ ተማሪዎች መስክ ከመውጣታቸው በፊት ቅጹ ሊስተካከል ይችላል። ናሙናውን አዘጋጅቼ በአማርኛ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛና የሌሎቹም ቋንቋዎች መምህራን በየቋንቋቸው ቢያዘጋጁት ደስ ይለኛል።

የሙሾውን ጽሑፍ ላጸደቀው ክፍል ደግሞ አንድ የተለየ ጥያቄ አለኝ። ተመራማሪው የሴትዮዋን ስልክ ወይም ሰፈር ሳይዝ አይቀርም። በሕይወት ካሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ከፈቀዱ ዲጂታል ቅጂው ላይ «መረጃ ሰጪ 4» የሚለውን ሰርዛችሁ ስማቸውን አስገቡ።

አክባሪያችሁ